ስልክ የሚያነሣ ታላቅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ወልቂጤ ላይ፣ አንዲት መሐንዲስ አባላችን ያደረገችው ንግግር። በአባላት ጥያቄ ታትሟል።)



ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥታኛለች። መሐንዲስ የሚገምተው ጊዜ ሁልጊዜ ያጥራል ይባላልና፣ ካለፍኩ ከወዲሁ ይቅርታ።

የመጣሁት ልለምናችሁ ነው። በሙያው የቆየን መሐንዲሶች ምህንድስና የሚማሩ ሴት ልጆቻችንን የምንከታተልበት ቡድን በዚህ ዓመት በወልቂጤና በቡታጅራ ልናቋቁም ነው። ቡድኑ ግን ያለ እናንተ አይቆምም። ለምን እንደማይቆም ከማስረዳቴ በፊት አንዴ ሞክሬ እንዴት እንደወደቅሁ ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችንና ዩኒቨርሲቲ የገቡትን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰብናቸው። ባነር አሠራን፣ ምሳ አበላን። እየተነሣን ማይክ ይዘን "እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ" አልን፤ ልጆቹ ያንን ዓረፍተ ነገር ከስንታችን አፍ እንደሰሙት እንጃ። ስልካችንን ሰጠናቸው፣ "በማንኛውም ሰዓት ደውሉ" አልናቸው፣ ፎቶ ተነሥተን ተለያየን።

አንዷ ልጅ ቃላችንን አምና ደወለች። አራት ጊዜ ደወለች። እኔ ያኔ ኔትወርክ የማይደርስበት የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከተማ ስገባ ያልተነሡ ጥሪዎችን አየሁ፤ ነገ እደውላለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ሥራ መጣ። መልሼ የደወልኩላት ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገብታ ነበር።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ስታቲክስ የሚባል ትምህርት አለ፤ አንድ ነገር ኃይሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት እንዴት ሳይንቀሳቀስ እንደሚቆም ያስተምራል። በሱ ኤፍ አገኘች። "ኤፍ ያገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ መሐንዲስ መሆን የሚችል አልመሰለኝም፤ ልጠይቅሽ ብዬ ነበር የደወልኩት" አለችኝ። እኔ ራሴ ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ወድቄ በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ወስጃለሁ። ያንን ነበር የምነግራት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጅቷ ዛሬ ቡታጅራ ከእናቷ ጋር በርበሬ ትነግዳለች። ንግድ ውርደት ነው ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የማረቆን በርበሬ መርካቶ ድረስ አድርሳችሁ ልጆች ያሳደጋችሁ ናችሁ። እሷ ግን ንግዱን መርጣ አልገባችበትም። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን አትጥሪ ብላኛለችና አልጠራም።

ልጆቹ እዚያ በር ላይ የሚደርሱት በምን መከራ እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት። ከነሱ ውስጥ ሴት የሆነችው፣ ከሴቶቹም ምህንድስና የመረጠችው ስንት ትሆናለች? ያቺን አንዲት ልጅ ነው ስልክ ባለማንሣት ወደ ቤት የመለስናት። ከገቡ በኋላም አላለቀም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው እንዳንል ዩኒቨርሲቲው አጠገባችን ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ሥራ ከጀመረ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የእኛ ልጅ ምህንድስና ለመማር የግድ አገር ማቋረጥ የለባትም። መጽሐፉም መምህሩም አለ። የጎደለው ከመጽሐፉና ከሥራው መካከል ቆሞ እጇን የሚይዛት ሰው ነው። እንግሊዝኛው ሜንተር ይለዋል፤ አንዳንዶች አማካሪ ብለው ይተረጉሙታል። አማካሪ ስንል ግን ክፍያ የሚቀበል የቢሮ ሰው ነው የሚታየኝ። እኔ ታላቅ ብለው እመርጣለሁ። በቤታችን ታላቅ ስትሆኚ ታናሽሽ ስትወድቅ "ለምን አላየሻትም" ተብለሽ የምትቆጪው አንቺ ነሽ አይደል?

የእኔ ታላቅ መሐንዲስ አልነበረም። ዲግሪዬን ይዤ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ስሄድ (የድርጅቱን ስም ልተወው) ሁለት ወር ሙሉ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ስተይብ ከረምኩ። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን የማፈላው እኔ ነበርኩ። "ሳይቱ ለሴት አይመችም" ይሉኛል፣ ለእኔ እንዳሰቡ ሆነው። አንድ ቀን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ፎርማን ብቅ ብለው፣ "ነገ ኮንክሪት እንሞላለን፤ ቦት ጫማ ካለሽ ነይ" አሉኝ። ቦት ጫማ አልነበረኝም። የወንድሜን ተውሼ፣ ከፊት ለፊቱ ጨርቅ ወትፌበት ሄድኩ።

እዚያ ያየሁትን ትንሽ ልዘርዝርላችሁ፤ ጉዳዬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኮንክሪት ሲቦካ ሠራተኛው ውኃ መጨመር ይወዳል። ሲቀጥን ለመገልበጥም ለመሙላትም ይቀላል። ትርፉ ውኃ ግን ኋላ ሲደርቅ በውስጡ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ያ ምሰሶ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የደከመ ይሆናል። ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት ይለካል። ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ወደ ላይ የሚሾጥ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ አለ። ቡኮው በሦስት ዙር ይሞላበታል፤ በየዙሩ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ከዚያ ቆርቆሮው ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ሲነሣ ቡኮው ብቻውን ይቀራል፣ ዝቅ ይላል። ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በሜትር ይለካል፤ በጣም ከወረደ ውኃ በዝቶበታል። ስላምፕ ይሉታል። ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ።

ያልተማርኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቡኮው ቀጥኖ ወረደ። ሠራተኛው ቆሟል፣ ሚክሰሩ ይዞራል፣ ፀሐዩ ይጋረፋል፣ የተቋራጩ ሰው ሰዓቱን እያየ "ትንሽ ናት፣ እንለፋት" ይላል። ሁሉም እኔን ያዩኛል። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። እኔም "አይሆንም፣ ይደፋ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ቡኮው ተደፋ።

ማታ ላይ "ፊርማሽን የምታኖሪበትን ኪዩብ ሲሰበር ሄደሽ እዪ" አሉኝ። ኪዩብ ማለት ከዚያው ቡኮ ተወስዶ በ15 ሳንቲሜትር ሣጥን የሚጋገር ናሙና ነው፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመኪና ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ሄጄ አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና አፍይ ያለኝ የለም።

እናቶቼ፣ ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር ነው ብዬ አላስብም። የቆጮው ውኃ በደንብ ካልተጨመቀ ምን እንደሚሆን በመጽሐፍ አልተማራችሁትም። ከእናታችሁ ጎን ቁጭ ብላችሁ፣ እጃችሁ እስኪለምድ፣ አንዳንዴም እጃችሁን እየተመታችሁ ነው ያወቃችሁት። ምህንድስናም ግማሹ እንደዚያ ነው። ወንዶቹ ያንን ግማሽ ሻይ ቤትና ኳስ ሜዳ፣ ከሳይት ሲመለሱ ፒካፕ ላይ ያገኙታል። ሴቷ ሻይ ቤት አትቀመጥም፣ ፒካፑ ላይም ቦታ አይተዉላትም። "ለምን ወንዶቹስ?" ላላችሁኝ እህቶች መልሴ ይኸው ነው። በራችንን አልዘጋንባቸውም፤ የምንጀምረው ግን በጎደለበት በኩል ነው።

ሌላ እህት ደግሞ ባለፈው ስብሰባ በጣም የሚቆጠቁጥ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "መሐንዲስ ተመርቆ ባጃጅ እየነዳ፣ ልጄን ወደዚያ የምገፋት ለምንድን ነው?" አለች። እውነት አላት። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚቀበሉት ተማሪ 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ መንግሥት ወሰነ፤ መሐንዲስ በብዛት ተመረቀ፤ ሥራው ግን በዚያው ልክ አልተከፈተም። ታላቅ ሥራ አይፈጥርም፤ እፈጥራለሁ ብል እዋሻችኋለሁ። የሥራ ልምምድ በሚባለው ወራት ልጅቷ እውነተኛ ሥራ ላይ እንድትመደብ ደውሎ መጠየቅ ግን ይችላል። በአምስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ሳይት የምትውልበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሮ ውስጥ ፋይል ስታስተካክል ካሳለፈችው ስትመረቅ የምታሳየው ነገር የላትም። ባጃጅ ከሚነዱት ልጆች ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ ይመስለኛል። ሁሉም ማለቴ ግን አይደለም።

ስለ ራስ አገዝ ለእናንተ መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ወገኖቻችን፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም፣ ከኪሳቸው አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር እንዳቋቋሙ ልጅ ሆነን ሰምተን አድገናል። ቡታጅራ ዛሬ አዲስ አበባ በጠዋት ደርሳችሁ የምትመለሱባት ከተማ የሆነችው ከዚያ ጀምሮ በተሠራው የዓለም ገና መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ ያንን ወሬ ስሰማ የገንዘቡ ነገር ይነገረኛል፤ መንገዱን ማን ለካው፣ ድልድዩን ማን ሣለው ስል ግን መልስ አጣ ነበር። ምናልባት ሙያውን የመረጥኩት ለዚያ ይሆናል።

የጎረቤታችንን የከምባታን ነገር ደግሞ አስቡት። በ2012 ዓ.ም. በሞት የተለዩን ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በሴት ልጅ ግርዛት ላይ ባደረጉት ትግል ዓለም ያውቃቸዋል። ከውጭ ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩን አሠሩ። ሰዉ ስለ ግርዛቱ ሊሰማቸው ጆሮውን የሰጠው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ድልድዩ መሐንዲስ ነው፤ ያ ሥራ በመንደሩ ተወልዳ ባደገች ሴት እጅ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። የወልቂጤ እናቶች ጄሪካን ይዛችሁ ስትሰለፉ ውኃ ከታች ወደ ላይ መግፋት ምን እንደሚጠይቅ ከማንም መማር አያስፈልጋችሁም። ፓምፕ ውኃን በየ10 ሜትር ከፍታ ለማንሣት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ ከኮረብታው ጫፍ ያለችው እናት ቧንቧ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ሒሳብ ነው። ይህን የምታሰላ ልጅ የዚያች እናት ልጅ ብትሆን ሒሳቡን የምትጀምረው ከጫፉ ነው።

(ስለ ቃቄ ውርድወት አልናገርም። በየስብሰባችን እሷን ጠርተን አጨብጭበን እንሄዳለን፤ ዛሬ ትረፍ።)

አሁን ወደ ልመናዬ። ያ የመጀመሪያው ሙከራችን የወደቀው በጎ ፈቃድ ስላልነበረ አይደለም፤ ደንብ ስላልነበረው ነው። የእናንተን የቁጠባ ቡድኖች አይቻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንዷ ቤት ትሰበሰባላችሁ፤ የዘገየችው ትቀጣለች፤ የቀረችው ለምን እንደቀረች ቤቷ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ። ዕድርም ያው ነው። ሰው ሲሞት "ኔትወርክ አልነበረም" ብሎ የሚቀር የዕድርተኛ አላየሁም። ለመሐንዲሶቹም ይኸው ደንብ ይሁንባቸው ነው የምለው። አንድ መሐንዲስ ከሁለት ልጅ በላይ አይይዝም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በስልክ ወይም በቴሌግራም፣ በወር አንዴ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በመንፈቀ ዓመት አንዴ ሳይት ይዟት ይሄዳል። ሳይመጣ የቀረ ቅጣት ይከፍላል፤ ሁለት ጊዜ ያልመለሰ ልጅቷ ለሌላ ትሰጣለች። ይህን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዱ ተቆጣ። የተቆጣው ቀረ። ይሻላል።

ታዲያ ቅጣቱን ማን ይጽፋል? እኛ መሐንዲሶቹ እርስ በርሳችን አንቀጣጣም። የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ለእያንዳንዷ ተማሪ ከማኅበራችን አንዲት እናት ትመደባለች። እናት ስታቲክስ ማወቅ የለባትም፤ ደብተሩን ትይዛለች፣ "ይህ ወር ደወለልሽ ወይ?" ብላ ትጠይቃለች።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልሸፋፍን ልናገረው። በሙያው የቆዩት መሐንዲሶች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ግን ልጃችንን ሆቴል ወይም ካፌ ተገናኙ አንልም። የሚገናኙት በአባል ቤት ሳሎን ወይም በማኅበሩ ቢሮ ነው፤ እናት ባለችበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበያ ቀንና ከጁምዓ ጋር በማይጋጭ ሰዓት። ሳይት ስትሄድም ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። ይህ ደንብ ከሌለ እኔ ራሴ ልጄን አልሰጥም። ያልተመቸው መሐንዲስ ካለ ደግሞ ባይመጣ ደስ ይለኛል።

ሁለት ቡድን ያልነው፣ አንዱ ወልቂጤ አንዱ ቡታጅራ፣ በመካከላችን የዘቢዳር ተራራ ስላለ ነው። በየወሩ ተራራ አሻግረን ማንንም አናመጣም። በሥራ ልምምድ ጊዜ ግን መለዋወጥ እንችላለን። የቡታጅራ ልጅ ወልቂጤ ሥራ ብታገኝ እዚህ የምታድርበት ቤት ይኖራታል፣ የወልቂጤዋም እዚያ። ልጆቻችን ልምምዱን የሚተዉት ብዙ ጊዜ ሥራው ጠፍቶ ሳይሆን ማደሪያው ጠፍቶ ነው፤ አባትም "የት ልታድሪ ነው?" ሲል መልስ ሲያጣ አይፈቅድም። አንድ አልጋ፣ ለሁለት ወር። ከእናንተ የምለምነው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

መሐንዲሶቹን ከየት ታመጫለሽ ትሉኝ ይሆናል። አሁን ነሐሴ ነው። ወር ሳይሞላ መስቀል ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ የማይገባ ከሆነ ታሟል ማለት ነው። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ለአረፋ እንደዚያው ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭ አገርም የመጣው መሐንዲስ በዚያ ሰሞን ክትፎ ፊት ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ማንም እምቢ የማይልበት ሰዓት ነው። እናንተ የእህታችሁ ልጅ፣ የጎረቤታችሁ ልጅ መሐንዲስ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እኔ አላውቅም። ክትፎውን ስታቀርቡለት ደንቡን አብራችሁ አቅርቡለት፤ ቅጣቱንም ጭምር፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳይል።

ለጋሾቻችን፣ ለእናንተ አጭር ነው የምናገረው። ባነርና ቲሸርት አንፈልግም፤ አዳራሽ ኪራይም አንፈልግም። የምንፈልገው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አውቶካድ የሚሸከሙ ሁለት ላፕቶፖች ለሁለቱ ቢሮዎች፣ ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የሜትር ጥቅልሎችና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ነው። የደህንነት ጫማም እንፈልጋለን፣ ቁጥሩ ግን ከ36 እስከ 39 ይሁን። ባለፈው አንድ ደግ ሰው የላኩልን ጫማ ሁሉም 42 ነበር፤ ዛሬም መጋዘናችን ውስጥ አለ። ሪፖርት ስንልክላችሁም ስንት ሰው እንደሰበሰብን አንጽፍም። ስንት ልጅ ወደ ሁለተኛ ዓመት፣ ወደ ሦስተኛ ዓመት እንዳለፈች፣ ስንቷ እንዳቋረጠችና ለምን እንደሆነ እንጽፋለን። ያቋረጠችም ካለች ትጻፋለች።

በርበሬ ስለምትነግደው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አነጋገርኳት። መልሰው ይቀበሏት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲዋን እየጠየቅን ነው፤ ገና መልስ አልመጣም። ቢቀበሏትም ባይቀበሏትም የቡታጅራውን ቡድን ደብተር እሷ ትይዛለች፤ ያልተነሣ ስልክ ምን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያውን ቅጣት እኔ ከፍያለሁ፣ ለአራት ጥሪ። ደረሰኙን ቆርጣ ሰጥታኛለች።

ጸሐፊያችን በሩ አጠገብ ሁለት ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። በሰማያዊው አልጋ ያላችሁ፣ በቀዩ የምታውቁትን መሐንዲስ ስም አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው፤ የወልቂጤው በማኅበሩ ቢሮ፣ የቡታጅራው ቦታውን ደውለን እንነግራችኋለን። ስልካችሁን ስታስጽፉ የሚነሣውን አስጽፉ።